የቀዩዋ መርዶ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ኮሚክ ያነባል። ኮሚክ ማለት ካባ የለበሱ ሰዎች ከፎቅ ፎቅ እየዘለሉ ሌባ የሚደበድቡበት ባለ ሥዕል መጽሔት ነው። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። «ልጁ ነው የሚያነበው?» ይሏችኋል። ልጅ የለውም። «ታዲያ ለማን ነው የሚገዛው?» ለራሱ። እዚህ ላይ ጠያቂው ትከሻችሁን ነካ ነካ ያደርጋችኋል፤ ወንድሜ ጨርቁን ጥሏል ያላችሁት ይመስል።

እኔም ብዙ ዓመት አፍሬበታለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው የጋሼ አፓርታማ ከአንድ አልጋና ከአንድ ሰው በላይ ስለማትችል የኮሚክ ሳጥኖቹ የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ዘነበች እንግዳ ሲመጣ በአንሶላ ትሸፍናቸዋለች። ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ካለ «የማሞቂያው ዕቃ ነው» እንላለን። አንዴ ጠያቂው ራሱ የማሞቂያ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘና ካልፈተሽኩት ብሎ ያደረገንን እኛ ነን የምናውቀው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ጋሼን ሰው ያደረጉት እነዚህ መጽሔቶች ናቸው። በዲቪ መጥቶ ጥበቃ ሲቀጠር እንግሊዝኛው ከ«የስ» እና ከ«ኖ» አያልፍም ነበር። የመጀመሪያዋን መጽሔት ያገኛት አንድ ፈረንጅ ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ ነው። ቀይ ልብስ የለበሰ ጀግና ስላለባት ቀዩዋ እንላታለን። ሥዕሉን አይቶ ቃሉን፣ ቃሉን አይቶ ሥዕሉን እየገመተ አንድ ክረምት ሙሉ ሲያገላብጣት ከረመና ቋንቋውን ለመደው። ለዚህ ነው እንግሊዝኛው ሁልጊዜ ዛቻ ዛቻ የሚለው። የባንክ ሠራተኛዋ ብትዘገይበት «የፍርድ ሰዓትሽ ደርሷል!» ብሏት ዘበኛ ተጠርቶበታል።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ታመመ። ሕመሙ ክፉ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ እኛ ቤት ስሙ አይጠራም። ዶክተሩ እንደ አገሩ ልማድ እበሽተኛው ራስጌ ቆሞ ሁሉንም ዘረገፈው፤ መድኃኒት እንደማይመልሰው፣ ዓመት መሙላቱም እንደሚያጠራጥር። ደግነቱ ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ተኝቷል አልን። ዓይኑን ሲገልጥ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጨጓራ ነው አለ» አልኩት።

«በርበሬ ብቻ ይቀንስ ነው ያለው» ብላ ዘነበች ጨመረችበት።

አትፍረዱብን። ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም፤ ያደግነው እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት እንኳ ለዘመዱ በስልክ ዘሎ የሚናገር የለም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፣ ሰውየው ይያዛል፣ ይረጋጋል፣ ከዚያ ነው መርዶው የሚነገረው። ዶክተሩ ይህን ሁሉ አያውቅም። ወጣት ነው፤ ማን ይንገረው።

ጋሼ እንግዲህ ጨጓራውን እያስታመመ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን ያየው ቪዲዮ ነው ለዚህ ሁሉ ያበቃን። ለካ ኮሚክም ባለሙያ መርማሪ አለው። መጽሔቷ ትላካለች፣ ገጽ በገጽ ትመረመራለች፣ ከአስር ነጥብ ይሰጣታል፣ ከዚያ አየር በማያስገባ ጠንካራ ፕላስቲክ ትታሸግና ነጥቧ አናቷ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይገልጣትም። ማንበብ የለም፤ ማየት ብቻ ነው።

«ቀዩዋ ግሬድ ትደረግልኝ» አለኝ።

«ምን ያደርግልሃል ጋሼ?»

«ይኸው አሜሪካ ስኖር አንድ ሰርተፊኬት አላገኘሁም። ኮሌጅ አልረገጥኩም። የተማርኩት ከእሷ ነው። አስተማሪዬ ስንት እንደምታመጣ ልየው። ሳላየው እንዳልሞት።»

የመጨረሻዋን ቃል እንዳልሰማ ሆንኩ። «ጨጓራ ማንን ገድሎ ያውቃል?» አልኩት።

ቀዩዋን ይዤ ሮክቪል ወዳለ የኮሚክ መደብር ሄድኩ። መርማሪው ድርጅት ሩቅ ስለሆነ ተቀብለው የሚልኩት እነሱ ናቸው። ባለመደብሩ ኬቨን ይባላል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፤ ነጭ ጓንት አጥልቆ ነበር የተቀበለኝ። ጓንቱን ሳይ ኮራሁ። የእኛም ዕቃ ሰው እጅ ሳይነካው የኖረ ነውና።

ይህን ማስረዳት አለብኝ። ጋሼ የድሮ ተማሪ ነው። በእሱ ጊዜ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን መጽሐፉንና ደብተሩን ያልለበደ ተማሪ ሰልፍ ላይ ይገረፍ ነበር። ስለዚህ ቀዩዋን የገዛት ዕለት ለበዳት። ልባዱ ጥሩ ወፍራም የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው። እንዳይነሳ በአራቱም ማዕዘን በፕላስተር አጣበቀው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ላስቲክ ደረበበት። ጀርባዋ ሲላላ በመርፌና በክር ሰፋት። ሽፋኗ ላይ በቢክ እስክሪብቶ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ፤ ሌባ ሽፋኗን ቀዶ ቢወስዳት ደግሞ ማስመስከሪያ እንዲሆን ውስጥ ገጽ ላይ ማንም በማያውቀው ቦታ ደገመው። ካደረገላት ሁሉ አንድም በቸልታ የተደረገ የለም። እኔ ልጆቼን እንዲያ ተጠንቅቄ አላሳደግኩም።

ኬቨን ልባዱን ቀስ ብሎ ገለጥ ሲያደርግ እጁ ቀጥ አለ።

«እንዲህ ያደረጋት ማነው?» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። አድናቆት መሰለኝ።

«ወንድሜ ነው» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «ሁሉንም እንዲህ ነው ያደረጋቸው።»

«ሁሉንም?»

«ቤዝመንቴ ሞልቷል።»

ኬቨን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውሃ ላምጣልህ ልለው ነበር።

መላኩ ብዙም እንደማይጠቅም ሊነግረኝ ሞከረ። እኔ ደግሞ ከነጋዴ ጋር ስነጋገር ብልጥ ነኝ ባይ ነኝ፤ ሊያጣጥላት የፈለገው ራሱ ሊያስቀራት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። «አንተ ላክ ብቻ» አልኩት፤ ልባዱን አንስቶ ላካት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ወራት አለፉ። ጋሼ ከሳ፤ ቀለበቱ ከጣቱ ወለቀ። ጠያቂው ግን ከሕመሙ ይልቅ ስለ ቀዩዋ መጠየቅ ያዘ፤ ስለ ሕመሙ ማውራት ስለፈራን ሁላችንም የተጠለልነው እሷ ጋ ነው። «ውጤት መጣ?» ይላሉ፣ የማትሪክ ተፈታኝ ቤት የገቡ ይመስል። በፊት ልጅ ነው የሚያነበው ሲሉኝ የነበሩት ሰዎች ሻማ አበሩላት። ተራ ገብተን ነበር የምናድርለት፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄው እሷው ነበረች።

ውጤቱ የመጣው ቤልትስቪል ላይ ታክሲዬን ነዳጅ ስሞላ ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ከፈትኩት። አንድ ነጥብ ስምንት ይላል። ከአስር። ከሥሩ ሐተታ አለው፤ ፕላስተር፣ ሙጫ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ጽሑፍ፣ በመርፌ የተሰፋ ጀርባ፣ «ምንነቱ ያልታወቀ የቅመም ሽታ»። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ለእሷ ያደረገላት ደግነት በሙሉ እንደ ወንጀል ተዘርዝሯል። ነዳጁ ሞልቶ ጫማዬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።

ለዘነበች ደወልኩላት። «አይነገረውም» አለች። ስልኩን ዘጋችው።

ማታ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ጋሼ ከትራሱ ቀና አለና «ፊትህ ላይ ወሬ አለ» አለኝ። ዝም ልል ነበር የሄድኩት። አፌ ግን «ዘጠኝ ነጥብ ስምንት!» አለ። ለምን እንዲያ እንዳለ እንጃ። ሰባት ቢልስ? ስድስት ምን አለው?

ጋሼ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እናታችን ስትሞት እንኳ እኛን ሲይዝ ነው የዋለው። «ዘጠኝ ነጥብ ስምንት» እያለ እጄን ሳመኝ። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ያልሰማ የለም። ከሪቨርዴል ፓርክ አንዲት ሴትዮ «እንኳን ደስ ያለህ» የተጻፈበት ኬክ ይዘው መጡ። ቁጥሩ በክሬም ተጽፏል። የንስሐ አባቱ አባ ገብረ ሥላሴ «እግዚአብሔር የድካምህን ዋጋ ከፈለህ» ብለው ኬኩን ባረኩና መስቀል አሳለሙት። ጋሼ ደግሞ ጉልበት አገኘ፤ ሾርባ ጠጣ፣ ጢሙን ተላጨ። ዘነበች «አየህ፣ መድኃኒት ሆነው» አለችኝ። ሰይጣን ሲያታልል እንዲህ ነው መሰለኝ።

«በዓይኔ ልያት እንጂ» ማለት ሲጀምር ግን መድረሻ አጣሁ። ፖስታው ዘግይቷል አልኩ። በረዶ ነው አልኩ። የታሸገችበት ፕላስቲክ እስኪደርቅ ነው አልኩ። «ፕላስቲክ ይደርቃል?» አለኝ። ሰውዬው ታመመ እንጂ አልጃጀም።

ቀዩዋ ቤቴ ከደረሰች ሰንብታለች። አንድ ቅዳሜ እኔና ዘነበች ቤዝመንት ወርደን በር ዘጋንና የተለጠፈውን ቁጥር ልንቀይር ተነሳን። ልጆቻችንን አታጭበርብሩ ብለን ያሳደግን ሰዎች ነን። ፕላስቲኩን በቢላዋ ሞከርን፤ እምቢ አለ። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅነው፤ ምንም። በመጨረሻ ዘነበች የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋን አመጣችና ቁጥሩን ያስለቅቃል ብላ ደፋችበት። ፈሳሹ ቁጥሩን አልነካውም። ወደ ታች ወርዶ ፕላስቲኩን አደበዘዘው፤ ጀግናው ፊት የለሽ ሆኖ ቀረ። አንድ ነጥብ ስምንት ግን እንደ ፀሐይ ያበራል።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን እትዬ አስካለ ይጠሩ» አለች።

እትዬ አስካለ ማለት በዚህ አካባቢ መርዶ ሲነገር ከፊት የሚቆሙት ሴት ናቸው። ሰው እንደየጠባዩ እንዴት እንደሚረዳ ያውቃሉ፤ ማን ቀድሞ እንዲገባ፣ ማን ከኋላ እንዲይዝ፣ ውሃው የት እንዲቀመጥ። ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም። «በሽተኛ ነው፤ ለእሱ ይቺ ልጁ ናት» አሉ። «ሹክ ተብሎ አይነገርም። በወጉ ነው።» አባ ገብረ ሥላሴም ኬኩን የባረኩት እሳቸው ስለሆኑ ኅሊናቸው ሳይቆረቁራቸው አልቀረም፤ እመጣለሁ አሉ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አሌክሳንድሪያ ገባን። ከጋሼ ጋር ያደረችው ዘነበች ስለነበረች በሩን ከፈተችልን። አባ በመስቀላቸው፣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ሽማግሌዎች በጥቁር ኮት፣ እኔ ቀዩዋን በፎጣ ጠቅልዬ ከኋላ። እትዬ አስካለ በእጃቸው ትልቅ ድስት ይዘዋል። ምንድን ነው ብላቸው «ንፍሮ» አሉኝ። «ለኮሚክም ንፍሮ?» አልኳቸው። «ባዶ እጄን መርዶ ሄጄ አላውቅም» አሉና አለፉኝ። ልማድ ሆኖባቸው ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም።

አልጋውን ከበን ቆምን። ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ትከሻው ዘንድ ሆኑ፤ መርዶ የሚነገረውን ሰው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። አንድ በአንድ አየን። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ። መስቀሉን አየ።

«ማን ሞተ?» አለ።

 ዓይኑ ድስቱ ላይ አረፈ። ክዳኑ ገርበብ ብሎ የስንዴው እንፋሎት ይወጣል።

«እኔ ነኝ?» አለ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ከመካከላችን አይደለህም ያለው አንድ ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለ ያን ያህል ዘመን መርዶ ሲናገሩ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘነበች ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ፎጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ተቀመጡ» አለን ጋሼ። «ምን ያስደነግጣችኋል? አውቀዋለሁ። ዶክተሩ ሲናገር ዓይኔን ነው የጨፈንኩት፤ ጆሮዬን አልደፈንኩም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልከን ጋሼ?» አልኩት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነብኝ።

«ጨጓራ ነው ስትለኝ ፊትህን ብታየው። ደስ ይበለው ብዬ ተውኩት። በርበሬም የተውኩት ለዘነበች ብዬ ነው።»

በዚህ ጊዜ እትዬ አስካለ ልቅሶውን ለቀቁት። የእሳቸውን ልቅሶ ተከትለው ሽማግሌዎቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሊይዙት የቆሙትን ሰዎች ራሱ ጋሼ በሁለት እጁ ይዞ ያባብላቸዋል። እኔም አለቀስኩ። ወንድሜ ሊሞት ነው፤ ይህን ስንት ወር አውቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ያለቀስኩት ያን ዕለት ነው። ሁሉም ነገር ወጥቷል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይደበቃል ብዬ ፎጣውን ፈታሁና ቀዩዋን አልጋው ላይ አኖርኳት።

ጋሼ መነጽሩን አደረገ። አየ። አወለቀና ጠርጎ እንደገና አደረገ።

«አንድ ነጥብ ስምንት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከስንት?»

«ከአስር።»

ሞቱን ሲናገር ያልተነካው ፊቱ አሁን ተለወጠ። «ማነው ያረማት?» አለ። «ምን ሆና ነው? አቧራ ያላስነካኋት! እርጥበት ያላየች! እኔ ራሴን እንደ እሷ ብይዝ ኖሮ እዚህ አልጋ ላይ እገኝ ነበር?»

«ልባዱ ነው አሉ። ፕላስተሩና ስምህ።»

«ስም ያልተጻፈበት መጽሐፍ የማን ነው?» ብሎ ወደ አባ ዞረ። አባም «የማንም አይደለም» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ። ጋሼ ፕላስቲኩን ወደ መብራቱ አስጠጋው። «ፊቱስ የት ሄደ?»

ዘነበች ወደ ግድግዳው እንደዞረች «የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው» አለች።

ጋሼ ፕላስቲኩን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከዚያ የድሮው ዛቻው መጣ። «ይግባኝ!» አለ። «ታሽጋ ትቀራለች እንዴ እንዲህ ተብላ? ይክፈቷትና እንደገና ይዩዋት። በደንብ የሚያይ ሰው ይመደብላት።»

«እንደገና ማስመርመር ይቻላል» አልኩት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

በሕይወቴ አንድ ውሸት የሚያስፈልገኝ ያን ሰዓት ነበር። በሳምንት ያልቃል ብል ምን ነበረበት? ቀደም ብዬ ውሸቴን ሁሉ ጨርሼ ስለነበር አልመጣልኝም። «ስምንት ወር» አልኩት።

 እዚያ ቤት ካለነው ሁሉ ስምንት ወር ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። ከሁላችንም በላይ ደግሞ እሱ ያውቀዋል።

«ይሁን» አለ። «ላካት። እጠብቃለሁ።»

ከዚያ ንፍሮው ይቀዘቅዛል ብሎ አስቀረበው። ሁላችንም በላን። እሱም በማንኪያ ጫፍ ቀመሰና «ጨው ያንሰዋል» አለ። እትዬ አስካለ ንፍሯቸውን የሚለቀስለት ሰው ራሱ ሲያማባቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ተነስተው ጨው አመጡ።

ቀዩዋን ሰኞ ዕለት መልሼ ላክኋት። ኬቨን የጠፋውን ፊት አይቶ ምንም አልጠየቀኝም። ጋሼ ጠዋት ጠዋት «ደረሰ?» ይለኛል፤ «ገና ነው» እለዋለሁ። አንድም ቀን አልዋሸሁትም። ሰውነቱ ሲያልቅ፣ ድምፁ ሲጠፋም ቅንድቡን ብቻ ከፍ አድርጎ ይጠይቀኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሳይጠይቀኝ ቀረ።

ከተቀበረ በኋላ ስልኬ ላይ ከድርጅቱ መልእክት ገባ። ውጤቱ ነው። ዘነበች «ክፈተው እንጂ፣ ቢሻሻልስ?» ትለኛለች። አልከፈትኩትም። እጠብቃለሁ ብሎኛል፤ ከከፈትኩት መጠበቁ አለቀ ማለት ነው።